የጥጃው ድምፅና የእኔ ፔዳል

"ጊታርህ ታሟል" የሚለኝን ሰው ከእንግዲህ አልታገሠውም። አልታመመም! እኔ ነኝ እንዲያ እንዲጮህ ያደረግሁት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን ያላስረዳሁት ሰው የቀረ አይመስለኝም። ፔዳል ማለት፣ ወዳጄ፣ እግር ሥር የምትቀመጥ የብረት ሳጥን ናት። የጊታሩ ድምፅ በገመድ ይገባባትና ወደ ማጉያው ይወጣል። ስትረግጣት ድምፁን ታሻክረዋለች፣ ትጎትተዋለች፣ ወይም ገደል ላይ እንደተጮኸ ታስተጋባዋለች። ይኸው ነው። ምኑ ይከብዳል?

ማን ይስማኝ! ሠርግ ላይ አዲስ ድምፅ በሞከርሁ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ ገመዱን ይነቀንቃል። ደምበጫ ላይማ የሙሽራው አጎት አዘኑልኝና ማጉያውን በጥፊ መቱልኝ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ሙሉዓለም ራሱ፣ "እንደ ሰው አትጫወትም?" ይለኛል። እሱ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ከበሮውንም ማሲንቆውንም ሲያወጣ ሙያ ነው፤ እኔ ስረግጥ ብልሽት!

ክረምቱን ሙሉ ቤቴን ዘግቼ አንድ ድምፅ ስፈልግ ከረምሁ። ምን መሰላችሁ? እናቱን የሚጣራ ጥጃ። ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ስትወጣ ልጫወተው ነው ያሰብሁት። አንዷን ፔዳል በእግሬ ቀስ እያልሁ ስከፍትና ስዘጋ ክሩ "እምቧ" ይላል፤ ሌላዋ ከማዶ እንደሚመጣ ታደርገዋለች። የተሳካልኝ ቀን እኔው ራሴ ሆዴ ባባ።

ጥቅምት ላይ ቡሬ አጠገብ ገጠር ተጠራን። ዳሱ የተጣለው ከከብት በረት ጎን ነው። ሙሽሪት እናቷን ተሰናብታ ስትነሣ ረገጥሁ። እናትየው ማልቀስ ጀመሩ። ኧረ እንኳን እሳቸው፣ ሙሉዓለምም አንገቱን ደፋ! በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም።

ምን ያደርጋል፣ በረቱ ውስጥ በቅርቡ የወለደች ላም ነበረች። አጥሩን በደረቷ ጥሳ ዳሱ ውስጥ ገባች። ጠላው ተደፋ፣ ሚዜዎቹ ወንበር ላይ ወጡ። ላሚቱ ሰተት ብላ መጥታ ማጉያዬን ትልስ ጀመር። የሙሽሪት አባት አያ ታከለ፣ "ይህን ነገር ከቤቴ አውጡልኝ!" ብለው ገመዴን ነቀሉት። የደብሩ ቄስም ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ይህ ዕቃ ጸበል ነክቶት ያውቃል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

ፍረዱኝ እንግዲህ! ምንም ሳይመስል ሲቀር "ተበላሽቷል"፤ ቁርጥ ጥጃ ሲመስል ደግሞ ወንጀል! ከሰው ሁሉ የገባት ላሟ ብቻ ናት፤ እሷም ተደበደበች።

ንዴቴ ሳይበርድ አንድ ቀን የቤቴ በር ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ የጅጋ ገበሬ ናቸው። "ጥጃ የሚያስጮኸው አንተ ነህ?" አሉኝ። ላማቸው ጥጃዋ ሞቶባት ወተቷን ከልክላለች። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገለባ ሞልተው ቢያቆሙላት አሽትታ ትታው ሄደች። "ዝም ብሎባት ነው እኮ" አሉ። "ልጆቼ የሚጠጡት አጡ።"

"እትዬ፣ እኔ የጥበብ ሰው ነኝ" አልኋቸው፣ ደሜ ፈልቶ።

"ታዲያ ማን አይደለህም አለህ? ና በል ተነሥ።"

ሄድሁ። ምን ላድርግ፣ ልጆች አሉበት። በባትሪ የሚሠራውን ማጉያዬን ከገለባው ጥጃ ኋላ አስቀምጬ ተጫወትሁ። ላሟ ጆሮዋን አቆመች። እየተጣደፈች መጥታ ቆዳውን ትልስ፣ ትልስ ገባች። እትዬ ጥሩወርቅ ማለብ ጀመሩ፤ ወተቱ ቅሉ ውስጥ ሲንፎለፎል ይሰማኛል። አንድም ሰው ዝም በል አላለኝም። በመጨረሻ ሰሚ አገኘሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አልበው ሲጨርሱ ቀና ብለው በፍቅር አዩኝና፣ "ልጄ" አሉኝ፣ "እንዲህ ያለ ስጦታ ይዘህማ፣ ምናለ ሙዚቃ ብትማር?"