የክቡር ቬንዴሊን ጠመንጃና ዘመዶቿ

በዓለም ላይ ባለ መንደር ሁሉ አንድ ዕቃ ብቻውን መግዛት የማይችል ሰው አለ። ይህ ሰው ብስክሌት ሲገዛ ከነፓምፑ፣ ከነመብራቱ፣ ከነዝናብ ልብሱ ነው። ዓሣ ማጥመድ ያማረው ዕለት ወንዙ ዳር ሱቅ የተከፈተ ይመስላል። ለእሱ ዕቃ ማለት ሙሽራ ነው፤ ያለ ሚዜና ያለ አጃቢ ከቤት አይወጣም። «እኛ መንደር እንዲህ ያለ ሰው የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ አዝናለሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ።

የእኛ የኦበርማቱ ሰው ክቡር ቬንዴሊን ይባላሉ። ተራራው ላይ የሚወጣውን የገመድ መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የብሎን ሊቅ፣ የዘይት ጳጳስ፣ የካቻቢቴ ደጃዝማች ናቸው። በተኩስ ክበባችን ሽማግሌም ወጣትም እርስ በርሱ «አንተ» ነው የሚባባለው፤ በሆዱ ተኝቶ እግሩን ያንፈራጠጠን ሰው «እርስዎ» ማለት ለማንም አይመችም። እዚህ ላይ አንቱ ያልኳቸው ማዕረጋቸው ከብዶኝ ነው።

እኛ የምንተኩሰው አያቶቻችን ለውትድርና ሲጠሩ በተሰጣቸው አሮጌ ጠመንጃ ነው። መቀርቀሪያውን ማንሳትና መጠምዘዝ የለም፤ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት መግፋት ብቻ። ልጆቻችንም በዚሁ ነው የሚለምዱት። የእኔዋ ሰደፍ ላይ አያቴ በቢላ የቀረጹት የሴት ስም አለ። የሴት አያቴ ስም ግን አይደለም፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለን ትተነዋል።

ባለፈው ፀደይ፣ አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ክቡር ቬንዴሊን አዲሷን ይዘው ከተፍ አሉ። ሐሙስ የልምምድ ቀናችን ነው። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ሲከፍቱት ሁላችንም ቋሊማችንን እንደያዝን ከበብናቸው። እሷም እንደ አሮጌዎቹ ቀጥ ብላ የምትሳብ ናት፤ መልኳ ግን ሌላ ነው። ከራስጌዋ ትልቅ መነጽር ተሸክማለች፣ ሰደፏ ይረዝማል ያጥራል፣ የጉንጭ ማሳረፊያዋ ከፍ ዝቅ ይላል።

«በሁለት ጣት ሳባት፣ ካስፓር» አሉኝ። «ጉልበት አትጠቀም። ጨዋ ናት።»

ይህን ሲሉ እጃቸው ከእጄ ሥር አልራቀም። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው የሚሉት ግብዣ ነበር። ሳብኳት። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። ሽልክ ብላ መጣች፣ ሽልክ ብላ ተመለሰች፤ በመሃል አንድ ቦታ እንኳ ያዝ አላደረጋትም።

ከዚያ በኋላ ዘመዶቿ ይወርዱ ጀመር። ከፊት የሚቆም ባለ ሁለት እግር ድጋፍ ወረደ። መነጽሩ ላይ የሚታሰር፣ ጠመንጃዋ ወደ ጎን ማዘንበል አለማዘንበሏን የሚናገር፣ ከጣት የማይበልጥ ውሃ ልክ ወረደ። በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ መጣ። ብሎን ከልኩ በላይ ሲጠብቅ ቀጭ ብሎ የሚቆጣ ካቻቢቴ መጣ። ምንጣፍ፣ ማንገቻ፣ ሦስት ዓይነት ብሩሽና የብሩሾቹ ብሩሽ ተከተሉ። ጠረጴዛው ሞልቶ የቋሊማችን ሰናፍጭ መስኮት ላይ ተሰደደ።

«ቬንዴሊን» አለ ክሌመንስ፣ «ጠመንጃ ነው የገዛኸው ወይስ የጥርስ ሐኪም ቤት?» ክሌመንስ የመንደራችን አይብ ሠሪ ነው። አይቡን ዓመት ሙሉ ያቆያል፤ ቃሉን ግን ለደቂቃ አያቆይም።

«አንተ ምን ታውቃለህ» አሉ ክቡርነታቸው፣ አንዱን ብሎን ቀጭ እያሰኙ። «ገና እየተዋወቅን ነው።»

ያቺን ቃል ያን ቀን ሰማናት። ከዚያ በኋላ ያልሰማናት ሐሙስ የለችም።

እኛ ተኩሰን፣ ጠመንጃችንን ወልውለን፣ የመጀመሪያዋን ወይን ስንቀዳ እሳቸው ገና ምንጣፋቸውን ከዒላማው ጋር ያስተካክላሉ። «ኧረ ፀሐይዋ ልትገባ ነው!» ስንላቸው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉናል። እኛ ነፋሱን የምናውቀው የቄሱን ግቢ የልብስ ማስጫ አይተን ነው፤ የቄሱ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ግራ ከበረረ ትንሽ ወደ ቀኝ እናነጣጥራለን። እሳቸው መለኪያቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቁጥር ያነባሉ። ቁጥሩን ሲጨርሱ ነፋሱ ሐሳቡን ቀይሯል።

በመጨረሻም ይተኩሳሉ። የእኛ ተኩስ ሜዳ ኤሌክትሪክ አልገባበትም፤ ዒላማዎቹ ሥር ባለው ጥልቅ ምሽግ ውስጥ ሰው ይቀመጥና የተመታውን ቦታ በረጅም ዘንግ ላይ በተሰካ ክብ ሰሌዳ ያሳያል። ጥይቱ ከሳተ ቀይ ባንዲራ ግራና ቀኝ ያውለበልባል። በዚያ ሰሞን ለክቡር ቬንዴሊን የተውለበለበው ባንዲራ ለብሔራዊ በዓላችን ከሚውለበለበው ይበልጥ ነበር። እሳቸው ግን አህያውን ፈርተው ዳውላውን ነው፤ ወይ ብሎኑ ላልቷል፣ ወይ ድጋፉ ረዝሟል። እሳቸው ራሳቸው የሉበትም።

«አግብተሃት ቢሆን እኮ» ይላል ክሌመንስ፣ «እስካሁን ልጆቻችሁን ለቁርባን ታደርሱ ነበር።»

«ገና እየተዋወቅን ነው።»

አንድ ሐሙስ ደግሞ ባለቤታቸው ወይዘሮ አጋታ ወገባቸውን ይዘው ቁና ቁና እየተነፈሱ መጡ። ለወገባቸው በምድጃ የሚያሞቋት፣ በቼሪ ዘር የተሞላች ትራስ አለቻቸው፤ ያለሷ እንቅልፍ የለም።

«ቬንዴሊን፣ ትራሴ የት አለች?»

«አጋታዬ፣ ሰደፏ ሥር ናት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ተሠርታ የተላከችላት ነው የሚመስለው። ልኳ!»

«የኔ ወገብስ?»

«ያንቺን ወገብ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ከእሷ ጋር ግን ገና እየተዋወቅን ነው።»

ወይዘሮ አጋታ ጎንበስ ብለው ትራሷን ከሥር መንጨቅ አድርገው፣ እንደመጡ ሄዱ። በሚቀጥለው ሐሙስ ክቡርነታቸው አንድ እግር ካልሲ ሩዝ ሞልተው መጡ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። መስከረም ሲመጣ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ፤ የፍሎራ ደወል ጉዳይ መጣ።

ፍሎራ በአያቶቻችን ዘመን ጭጋግ ውስጥ የጠፉትን የኦበርማትንና የብሩናውን ላሞች ሁሉ መርታ ከተራራ ያወረደች ላም ናት። ሁለቱ መንደሮች በደወሏ ባለቤትነት ሊፋጁ ሲሉ፣ በየመከሩ አምስት አምስት ሰው አሰልፈው ይተኩሱበት ተባለ። ደንቡ አንድ ነገር ጨምሯል፦ ሦስት መከር በተከታታይ ያሸነፈ ደወሉን ለዘላለም ይወስደዋል። ብሩናዎች ሁለቱን መከር አሸንፈዋል። በዚህኛው ከደገሙ፣ የፍሎራ ደወል ሁለተኛ በኦበርማት በር ላይ አይሰቀልም።

«ቬንዴሊን ወይ በአሮጌዋ ይተኩስ ወይ ይውጣ!» አለ ክሌመንስ በስብሰባው ላይ። «በአሮጌዋ እኮ ዝንብ ነበር የሚመታው!»

ክሌመንስ ያለው እውነት ነበር። ክቡር ቬንዴሊን ቀልድ ይመልሳሉ ብለን ስንጠብቅ፣ «በአዲሷ ነው የምተኩሰው። ካልሆነ ተዉኝ» አሉና ባርኔጣቸውን አነሱ። ያን ዕለት እየተዋወቅን ነው አላሉም።

ሊቀመንበራችን ወይዘሮ ትሬሽ በሩ ላይ ደረሱባቸው። «ባርኔጣህን ቦታው መልስ» አሏቸው። «ደንቡ የመንደሩ ሰው ሁን ነው የሚለው እንጂ በዚህ ጠመንጃ ተኩስ አይልም። የመጨረሻው ተኳሽ አንተ ነህ።» ክሌመንስ ወይኑን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ።

የውድድሩ ቀን ብራ ሆነ። ደወሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የብሩናው ሰዎች ገና ከአሁኑ በጨርቅ ያሹታል። እኔ ቀደም ብዬ ተኩሼ፣ የማያሳፍርም የማያስመካም ነጥብ አስመዝግቤ፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። በእኛ ወግ ተኳሹ ከተኛ በኋላ ከኋላ ያለ ሰው ቃል አይተነፍስም፤ ያስነጠሰ እንኳ በዓይን ይገሠጻል። በመጨረሻም ክቡርነታቸው በሦስተኛው መደብ ላይ፣ የብሩናዋ ኮከብ ሴሊና በአራተኛው ላይ ጎን ለጎን ተኙ። ሴሊና የአያቷን አሮጌ ጠመንጃ ይዛለች፤ ከእሷ ሌላ የያዘችው ፖም ብቻ ነው።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተኮሱ። ሦስተኛው ዒላማ ላይ ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ። ክሌመንስ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

አራተኛው ዒላማ ላይ ግን ሰሌዳው ሁለት ቦታ አሳየ፦ አንዱ ከእምብርቱ፣ ሌላው ከታች በኩል። አንድ ሰው ተኩሶ ሁለት ቀዳዳ! ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ክቡር ቬንዴሊን መነጽራቸውን እስከ መጨረሻው አጉልተውት ኖሮ፣ የሚታያቸው አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ ብቻ ነው፤ ከበላዩ የተጻፈው ቁጥር ከመነጽሩ ውጭ ቀርቷል። የወቅቱን ምርጥ ጥይታቸውን የሰው ዒላማ ላይ አሳርፈውታል። ደንቡ ደግሞ፣ ባለዒላማዋ የኔ አይደለም ካላለች በስተቀር፣ የተሻለው ቀዳዳ የእሷ ነው። ክቡርነታቸው ለባላንጣ ሲሳይ አድርሰው ተኝተዋል። እኛ መናገር አንችልም። የብሩናው ዳኛ ብዕሩን አነሳ።

ሴሊና እጇን አወጣች። «የመሃሉ የኔ አይደለም» አለች። «የኔ የታችኛው ነው። ቃታውን ስስብ እጄ ከድቶኛል፣ አውቄዋለሁ።» ከብሩናዎች አግዳሚ አንድ ሰው አቃሰተ። እሷ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «ቬንዴሊን፣ ለስጦታው አመሰግናለሁ፤ ግን መነጽርህን ትንሽ መለስ አድርገው። እኛ የምንኖረው አራት ቁጥር ነው፣ አንተ ሦስት ነህ።»

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ገና እየተዋወቅን ነው።»

«ከኔ ጋር ወይስ ከጠመንጃዋ ጋር?»

ዳኛው እንኳ ሳቀ። ክቡር ቬንዴሊን መነጽሩን መለስ አደረጉት። ከዚያ ውሃ ልኩን አላዩም፣ የነፋስ መለኪያውን አላነሱም። ሳቡ፣ ገፉ፣ ተኮሱ። ሰሌዳው እምብርቱ ላይ ቆመ። ሳቡ፣ ገፉ፣ ተኮሱ፤ አሁንም እምብርቱ ላይ። በልጅነታቸው የለመዱት መሳብና መግፋት ነው፣ እጃቸው ከእሳቸው በፊት ያውቀዋል። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ፤ ባንዲራው ሁለተኛ ከምሽጉ አልወጣም።

ነጥቡ ተደመረ። እኩል። ተመልሶ ተደመረ፤ እኩል። ወይዘሮ ትሬሽ ብድግ አሉ። «ነጥብ እኩል ሲሆን» አሉ፣ ደስታቸውን ለመዋጥ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ «በዕድሜ ትልቁን ተኳሽ ያሰለፈ መንደር ያሸንፋል።» የብሩናው ትልቅ ተኳሽ ዳቦ ጋጋሪያቸው ነው፤ ከክቡር ቬንዴሊን አጠገብ ሲቆም ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ይመስላል።

«ገድሎን ነበር፣ ዕድሜው አዳነን!» ብሎ ክሌመንስ ጮኸና ክቡርነታቸውን ከነማንገቻቸው ተሸከማቸው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሃል ደወሉን ያመጣልን ያልገዙት ነገር ነው። መጀመሪያ ደወሉን የደወለችው ግን ሴሊና ናት፤ ከዚያ ሐቋ በኋላ ልደውለው ስትል እንቢ ብንል ኃጢአት ይሆንብን ነበር።

ማምሻውን በክበባችን ቤት፣ ደወሉ በሩ ላይ ተሰቅሎ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አንተ ሰውዬ» አልኳቸው፣ «ያን የሚያህል ቁጥር እንዴት ሳታየው ቀረህ?»

ቋሊማቸውን ቀስ ብለው ቆረጡ። «ካስፓር፣ ያለ መነጽሩ ቁጥሩን አይደለም፣ ዒላማውንም አላየውም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። በአሮጌዋ ሳነጣጥር የሚታየኝ አረንጓዴ ኮረብታ ብቻ ነው። ወይ ይቺን ልግዛ፣ ወይ ሐሙስ ሐሙስ ቤቴ ልቀመጥ። አጋታን እወዳታለሁ፤ ሐሙስን ግን ከእናንተ ጋር ነው የለመድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም? ይህን ሁሉ ወር ስንስቅብህ?»

«እንዳታዝኑልኝ ብዬ። ሳቃችሁ ይሻለኛል።»

 ጉርሻዬን ዋጥኩና ወሬውን ወደ ዕቃዎቹ አዞርኩ። «እሺ፣ መነጽሩስ ለዓይንህ ነው። ውሃ ልኩስ? ቀጭ የሚለው ካቻቢቴስ? የብሩሾቹ ብሩሽስ?»

ፊታቸው በራ። «እሱማ» አሉ፣ «እሱማ ደስ ስለሚለኝ ነው!»

በቀጣዩ ሐሙስ ምንጣፋቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ድጋፉን የዘረጋው፣ እያጉረመረመም ቢሆን፣ ክሌመንስ ነው። ወይዘሮ አጋታ ሁለተኛ ትራስ ሰፍተው ልከዋል፤ በቼሪ ዘር የተሞላች፣ ለሰደፏ ልክ የሆነች። ክቡር ቬንዴሊን ሁሉን አስተካክለው ሲጨርሱ ከምንጣፉ ተነሱና «ተኛ፣ አንተ ሞክራት» አሉኝ፤ ያን ቀን እጃቸው ከእጄ ራቀ።

ተኛሁ። በሁለት ጣት ሳብኳት፣ ገፋኋት። ውሃ ልኩን አየሁ፣ ጥቁሩን ክብ አየሁ፣ ቁጥሩንም ደህና አድርጌ አየሁ። ትንፋሼን ይዤ ተኮስኩ። ቀይ ባንዲራው ከምሽጉ ብቅ ብሎ ግራና ቀኝ ተውለበለበ። ከኋላዬ ክሌመንስ ለስድብ አየር ሲስብ ተሰማኝ።

«ዝም በል» አልኩት ቀና ሳልል። «ገና እየተዋወቅን ነው።»