ጋሼ ትንሽ-ይቀረዋል እና የሣር ማጨጃቸው

በየትም ሰፈር አንድ ሰው አለ፤ ደህና የሚሠራን ነገር ደህና ነው ብሎ ማለፍ የማይችል። ቤትህ ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ የበርህን እጀታ ነቅነቅ ያደርጋል። ተቀምጦ ስለ ጤናህ ይጠይቅሃል፤ ዓይኑ ግን ግድግዳህ ላይ የተንጋደደውን ፎቶ ይለካል። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ዓለም እንደተንጋደደች ትቀር ነበር። ስላለ ደግሞ ምሳ በሰዓቱ አይበላም።

የኛ ቤቱ አጎቴ ናቸው። ጎረቤት ያወጣላቸው ስም «ጋሼ ትንሽ-ይቀረዋል» ነው፤ ስለ ምንም ነገር ቢጠየቁ መልሳቸው ይኸው ነዋ። የበሩ መቀርቀሪያ ተሠራ? «ትንሽ ይቀረዋል።» ቧንቧው ማንጠባጠቡን ተወ? «ትቷል። ግን ትንሽ ይቀረዋል።» አክስቴ እንደምትምለው፣ የጋብቻ ቀለበቱን ጣቷ ላይ ካጠለቁ በኋላ ወደ ብርሃን አዙረው አይተው፣ እዚያው ሰው ፊት ያንኑ ብለዋል።

የክቡርነታቸው ዙፋን ግን ሌላ ነው፤ በእጅ የሚገፋ የሣር ማጨጃ። ሞተር የለው፣ ነዳጅ አይጠጣ። በሁለት ጎማዎች መካከል ጥምዝምዝ ስለቶች ይሽከረከራሉ፤ ከሥራቸው የማይነቃነቅ አንድ ስለት ተጋድሟል። ሣሩ በመካከላቸው ሲያልፍ እንደ መቀስ ይቆርጡታል። ምሥጢሩ ሁሉ ያለው ክፍተቱ ላይ ነው። ከጠበቀ ብረት ብረትን ይበላል፣ ማጨጃውም አልገፋ ይላል። ከላላ ደግሞ ሣሩን አጎንብሶት ያልፋል፤ ሣሩም ከኋላ ቀና ብሎ ይስቅበታል።

«መነካካት አለባቸው፤ መገፋፋት ግን የለባቸውም» ይላሉ ጋሼ። «እንደ ባልና ሚስት።»

አክስቴ ይህን በሰማች ቁጥር «ምነው የብረቱን ያህል እኔን ባወቅኸኝ!» ትላለች።

ልጃቸው ልታገባ ሆነና የእጮኛዋ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ለምሳ ተጠሩ። ጠረጴዛው ሣሩ ላይ ሊዘረጋ ነው፤ ሣሩ ደግሞ ቁርጭምጭሚት አልፏል። አጎቴ በማለዳ ተነሥተው ማጨጃውን ገለበጡና ፈቱት።

አክስቴ ከኩሽና ብቅ አለች። «ምን እያደረግህ ነው? እጨድ እንጂ!»

«ስለቱ ደንዟል። ትንሽ ይቀረዋል።»

«ስማኝ፤ እንግዶቹ ግቢ ሲገቡ ሣሩ ካልታጨደ፣ ይህን ብረት ነገ ለብረት ሰብሳቢው ነው የምሰጠው። አልፈልግም ቢል እንኳ ተሸክሜ ቤቱ ድረስ አደርስለታለሁ።»

አክስቴ ስትዝት ጣሪያ እስኪነቃነቅ ትጮኻለች፤ ያን ዕለት ግን ዝግ ብላ ነበር የተናገረችው። የአጎቴ እጅ ብሎኑ ላይ ቀጥ አለ።

ባለሞተር ማጨጃ ያለው ሹፌር ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ አንገቱን አሰገገ። «ጋሼ፣ ልምጣ እንዴ? ፊትዎን ታጥበው ሳይጨርሱ አጽድቼልዎ እወጣለሁ!»

«ያንተ ማሽን ሣር አያጭድም፤ ይደበድባል። ጫፉ በማግስቱ ሲነጣ አላየህም?»

«ሣር ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ ጋሼ?»

«ቢሄድማ አንተ ትከሰስ ነበር።»

ከዚያ ስለቶቹን ሻካራ የመሳያ ቅባት ቀቡና ወደ ኋላ ያሽከረክሯቸው ጀመር። ወደ ፊት ሲዞር ሣር ያጭዳል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ራሱን ይስላል። ቅባቱን ጠርገው ዘይት ጠብ አደረጉ። የግራውን ብሎን በፀጉር ያህል፣ የቀኙን ደግሞ ከፀጉርም ባነሰ አጠበቁ። ቀጥሎ ፈተናው መጣ፦ ወረቀት። በስለቶቹ መካከል ያስገቡና ጎማውን በእጃቸው ቀስ አድርገው ያዞራሉ። መሃል ላይ ቆረጠ፤ ግራ ጫፍ ላይ አጠፈው። ግራውን ሲያጠብቁ ቀኙ ተናደደ። ቤት ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ አለቀ። ጋዜጣ ባቀብላቸው በንቀት መለሱልኝ።

«ጋዜጣ ቶሎ ይቀደዳል። ስለቱን በከንቱ ያሞግሰዋል።»

እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሌሊቱን የጀመርኩትን ልብ ወለድ እያነበብኩ ነበር። አንዲት ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ጥላው የሄደችው ቤት በር ላይ ቆማለች። የቀረኝ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው። አክስቴ ወንበር እንዳወጣ ጠራችኝ፤ መጽሐፉን መስኮቱ ላይ ትቼ ሄድኩ። ስመለስ የመጨረሻው ገጽ ስለቶቹ መካከል ነው።

«ጋሼ! መጨረሻው እኮ ነው!»

«ጀርባው ባዶ ሆኖ ሳየው... እስቲ ዝም በል። አድምጥ።»

ጎማውን አዞሩት። ብረቱ አልጮኸም፤ ሹክ አለ። ከወረቀቱ ቀጭን ቁራጭ ወደቀ። ከግራ፣ ከመሃል፣ ከቀኝ፤ አንዱም ሳይቦጨቅ ወደቀ። መቆጣት ይገባኝ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ የቁራጩን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩ።

የመኪና ጥሩምባ ከደጅ ተሰማ። ልጃቸው ሮጣ ወጥታ እንግዶቹን በሩ ላይ ትስማቸው ጀመር፤ ልታዘገያቸው ብላ ስማ አትጠግብም። አጎቴ ማጨጃውን አቃንተው ገፉ። እኒያ አንድ ብሎን ሲያዩ ግማሽ ቀን የሚፈጁ ሰው፣ ግቢውን እንደ ጥሩ ፀጉር አስተካካይ ከዳር እስከ ዳር በእርጋታ ሄዱበት። ሣሩ የተቆረጠ አይመስልም፤ ራሱ ያን ያህል ሊያድግ አስቦ እዚያ ላይ ያቆመ ይመስል ነበር። የመጨረሻው መስመር ሲያልቅ በሩ ተከፈተ።

የሙሽራው አባት ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። ጎንበስ ብለው አንድ ሣር ነቅለው ጫፉን አዩት።

«ይህን ያጨደው ማነው?»

የመለሰችው አክስቴ ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ።

«ባለቤቴ ነው። ማጨጃውንም ራሱ ነው የሚስለው።»

አጎቴ ላባቸውን ጠረጉና ወደ አጥሩ ጥግ ተመለከቱ። «እዚያ ጋ እንኳ ትንሽ ይቀረዋል።»

ሰብሳቢው በማግስቱ «ብረት ያለው!» እያለ በበራችን አለፈ። አክስቴ ማጨጃውን በአሮጌ የጠረጴዛ ልብስ ስትሸፍን አየኋት።

እኔ የገጼን ቁርጥራጮች ለቅሜ በሙጫ ገጠምኳቸው። ስለቱ አንድ ፊደል እንኳ አልጎዳም፤ ሴትዮዋ እጇን ወደ በሩ እስክታነሣ ድረስ ጥርት ብሎ ይነበባል። የጎደለው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነው። አጎቴ ያንን ለሙሽራው አባት የስለቱ ናሙና ይሁንዎ ብለው ሰጥተዋቸዋል፤ እሳቸውም ኪሳቸው ውስጥ አጥፈው ይዘውት ሄደዋል። በሩን ታንኳኳ፣ ትመለስ፣ አላውቅም። ስነግራቸው አጎቴ ከልባቸው አዘኑልኝ።

«አይዞህ» አሉኝ፤ «ትንሽ ነው የቀረው።»

ዛሬ አሮጌ መጽሐፍ ስገዛ አስቀድሜ ወደ መጨረሻው እገልጣለሁ፤ ታሪኩን ለማየት አይደለም። ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ገጽ ካለ ለማረጋገጥ ነው። እሱ የጋሼ ነው።