ባዶ ቦታ የማያስችላቸው ጋሽ ጋረደው

ባዶ ቦታ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው በየመንደሩ አንድ አለ። ማመልከቻ ስታጽፉ ከጎናችሁ ቆሞ «የአባትህንም ሕመም ጨምርበት» ይላል። ለቅሶ ቤት ዝምታ ሲሰፍን ዝምታውን በምክር ይሞላዋል። ሁለት ሰው የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይገባና አራተኛ ይጠራል። መንግሥት ይለወጣል፣ ድንበር ይዘጋል፣ ይህ ሰው ግን ንቅንቅ አይልም፤ የታሪክ ሕግ እንኳ ገና አልደረሰበትም።

ሱዳን ላለው የቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የደረሱት ክቡር ጋሽ ጋረደው ናቸው። ሙያቸው የሱቅ ሰሌዳ መሣል፣ መፈክራቸው «ትንሽ ባዶ ቦታ ይታየኛል» ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በልጅነታቸው ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ ከገቡ ወዲህ፣ ከገላባት እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ ብሩሻቸው ያልነካው ቆርቆሮ የለም። ኸሽም ኤል ቂርባ ለአንድ ዓሣ ሻጭ ሰሌዳ ሲሠሩ የከተማውን ግድብ ከነበሮቹ፣ ከነዘበኛው፣ ከዘበኛው ውሻ ጋር ሣሉት። ሰውየው «ዓሣውስ?» ቢላቸው «ውሃው ውስጥ ነው» አሉት። ገላባት ላይ ደግሞ ለአንድ ሻይ ቤት ብርጭቆ፣ ሎሪ፣ ድልድይና የሁለቱን አገር ባንዲራ ባንድ ቆርቆሮ ስላጨቁ፣ መንገደኛው ኬላ መስሎት ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ይሰለፍ ነበር አሉ።

ጦርነቱ ሱዳንን ሲያዳርስ ሱቆች ተዘጉ፤ ሰሌዳ የሚያሠራ ጠፋ። ጋሽ ጋረደውም ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቱነይድባ መጡና እንደ ሰፊው ሕዝብ ለዱራ ተሰለፉ። ያቺም ማሽላ በየወሩ እየተቀነሰች ነበር። ሥራ የፈታ ሰዓሊ ደግሞ ሥራ ከፈታ ፖለቲከኛ ይብሳል።

ኮከብ የወደቀችው በዚህ ሰው እጅ ነው። የመተማ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር። የወጣቶች ማዕከሉ ባዋሳት ላፕቶፕ፣ ባትሪውን በፀሐይ እየሞላች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የስልክ ጌም ሠራች። ስሙ «ወረፋ» ነው። ቱነይድባ እህል በሚታደልበት ሳምንት ሰው ራሱ አይሰለፍም፤ ፀሐዩ አያስቆምም። ድንጋይ፣ ጀሪካን፣ ጫማ ያሰልፋል። ዕቃው ያለበት ቦታ የባለቤቱ ነው፤ ዕቃውን ያነሣ ተራውን ለቀቀ። በጌሙም ተጫዋቹ ዕቃውን ከፍየል፣ ከነፋስና «እኔ እኮ ትናንትም እዚሁ ነበርኩ» ከሚሉ አንዲት ወይዘሮ እየጠበቀ መጋዘኑ በር ይደርሳል።

ጌሙ ግሩም ነው። ስልኩ ላይ የጫነው ግን አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሰባቱ የድንኳን ጎረቤቶቿ፣ አንዷ ራሷ። ጥፋቱ የሽፋኑ ነው። በጌም መደብር ውስጥ ከጨዋታው በፊት የሚታየው ሥዕሉ ነው፤ ያውም ከመቶ ሌሎች መሐል፣ ጥፍር አክሎ። አውራ ጣት ወይ ያርፍበታል ወይ ገፍቶት ያልፋል። አሁን ደግሞ ናይሮቢ ያሉ አዘጋጆች አሥር ጌሞችን መርጠው ለአንድ ሳምንት በመደብሩ ፊት ገጽ ሊያሳዩ ነው፤ መጀመሪያ የሚያዩትም ሽፋኑን ነው፤ እስከ ሐሙስ ቀትር መላክ አለበት። ማዕከሉም ቁርጡን ነግሯታል፦ ከተመረጠች ላፕቶፑ አንድ ዓመት ይቆይላታል፤ ካልተመረጠች ለተረኛው ይሰጣል።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ሥዕል ጨርሳ ቀና ስትል ጋሽ ጋረደው ከኋላዋ ቆመዋል። ባዶ እግራቸውን ናቸው።

«ጋሼ፣ ጫማዎ የት ሄደ?»

«እግሬም ይተንፍስ እንጂ» አሉና ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ። ኮከብ ነገሩን ከሰዓሊ ቅብጠት ቆጠረችው።

ሥዕሉ ላይ ሃያ ጀሪካንና አንድ መጋዘን አለ። ጋሽ ጋረደው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ነው። ብቻ ትንሽ ባዶ ቦታ ይታየኛል።»

«የቱ ጋ?»

«ሰማዩ ላይ።»

ሰማዩ ጭልፊት ተጨመረለት። ጭልፊቱ ብቻውን እንዳይሆን ሎሪ መጣ። ሎሪው ሲመጣ ስም ጠሪው መዝገቡን ይዞ ወጣ። ከዚያም የኮከብ ፎቶ በክብ ገባ፤ «ሰው ባለቤቱን ማወቅ ይፈልጋል» ተብሎ። የጌሙ ስም በአማርኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ ተጻፈ። ልጅቷ እንቢ አላለችም። እሳቸው አርባ ዓመት ሰሌዳ ሠርተዋል፤ እሷ ያላት አሥራ አንድ ሰው ነው።

ማክሰኞ ሥዕሉን ጥፍር አሳክላ ስልኳ ላይ አደረገችና ሻይ ሻጯ ባሕሪያ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ጋረደውም፣ አሁንም ባዶ እግራቸውን፣ ተከተሉ።

«ባሕሪያ፣ ምን ይታይሻል?»

ባሕሪያ ስልኩን አራቀችው፤ አቀረበችው። «የተደፋ ፉል።»

«ጠጋ ብለሽ እዪው» አሉ ጋሽ ጋረደው።

«ማን ጠጋ ብሎ ያያል ጋሼ?» አለች ኮከብ። «ሰው እየገፋ ነው የሚያልፈው።»

«ሎሪም እያለፈ ነው ሰሌዳ የሚያየው። የምንሞላው ለዚሁ ነው፤ አንዱ ቢያመልጠው ሌላውን እንዲያይ።»

«ሁሉም ካመለጠውስ?» አለች ባሕሪያ።

«አንቺ ሻይሽን ቅጂ።»

ረቡዕ ኮከብ ጭልፊቱን ስታጠፋ እሳቸው በቦታው ጨረቃ ለማስገባት ተከራከሩ። ያን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይተዉኝ። እርስዎ እያሉ ጌሜ አይታይም። ነገ ሐሙስ ነው፤ ዱራም የሚታደለው ነገ ነው፤ እዚህ ተቸክዬ ወረፋ እንኳ አልያዝኩ። ዱራውም ላፕቶፑም ሊያመልጠኝ ነው።»

ጋሽ ጋረደው አቧራ የበላውን እግራቸውን አዩ። «ስለ ወረፋው አታስቢ» አሉና ወጡ። ምክር ነው፣ ምን ያድርግ፤ ምክር ሆድ አይሞላም።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ኮከብ ጀሪካኗን ይዛ የሰልፉ ጭራ ላይ ለመድረስ ሮጠች። ሌሊቱን የነፈሰው ነፋስ ጀሪካኑን ሁሉ አግበስብሶ ወስዶታል፤ ባለቤቶቹ ሜዳ ለሜዳ ይለቅማሉ። መጋዘኑ በር ላይ ግን፣ በሰፊው ባዶ መሬት ላይ፣ አንድ የግራ እግር በረባሶ ብቻውን ቆሟል። የጎማ ጫማ ነውና ነፋስ አልደፈረውም። ማሰሪያው ላይ የተንጠለጠለች ጨርቅ በሰሌዳ ፊደል «ኮከብ» ትላለች።

«የጋረደው ነው» አለቻት ሰልፍ አስከባሪዋ ያለምወርቅ። «ሰኞ ማለዳ ነው ያመጣው። አንድ ሰው ከፊት ሁለት ቦታ አይዝም ብንለው ግራውን ላንቺ እዚህ አስቀመጠ፤ ቀኙን ለራሱ ሄዶ ጭራ ላይ ጣለው።»

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ይገባል። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እንደ ምጣድ በጋለው መሬት ላይ ባዶ እግሩን የሚመላለስን ሰው ስንስቅበት ከረምን። ባዶ ቋት እያየ ያደገ ሰው ባዶ ነገር ባያስችለው ምን ይደንቃል።

ኮከብ ጎንበስ ብላ በረባሶውን አየችው። የዓሣ ሻጩ ሰማያዊ ተንጠባጥቦበታል፤ የባንዲራዎቹ ቀይና አረንጓዴ፣ የሻይ ብርጭቆው ወርቃማ፤ የአርባ ዓመት ሰሌዳ ሁሉ አንድ ጫማ ላይ ደርቋል። ፎቶ አነሣችው። ዱራዋን ከተቀበለች በኋላ ሥዕሉን እንደ አዲስ ሠራችው፦ አንድ ትልቅ ጫማ፣ ዙሪያው ባዶ መሬት፣ ከላይ አንድ ቃል። ጥፍር አሳክላ ለባሕሪያ አሳየቻት።

ባሕሪያ ስልኩን አላቀረበችውም። «ወረፋ የያዘ ጫማ» አለች። «ያውም የጋረደው።»

ከቀትር በፊት ተላከ።

በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ከአሥሩ አንዱ «ወረፋ» ነው። ላፕቶፑም አንድ ዓመት ተፈቀደላት። ጋሽ ጋረደውም ሁለቱንም ጫማ ተጫምተው ባሕሪያ ዘንድ ተቀምጠው «ሽፋኑ የእኔ ሥራ ነው» እያሉ ለመላው ሻይ ጠጪ መግለጫ ይሰጡ ጀመር። ኮከብ አላስተባበለችም። ስልኩን አምጥታ ሥዕሉን በመደብሩ ፊት ገጽ ላይ አሳየቻቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት።

«ትንሽ...» አሉና አቆሙ። ደግሞ ጀመሩ፤ «ቀኙ የታለ ይላል እኮ ሰው።»

«ቀኙማ ጭራው ላይ ነው ጋሼ» አለች ኮከብ። «አይታይም እንጂ አለ። እንደ ዓሣው።»

ጋሽ ጋረደው አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ባሕሪያ ሻዩን ቀድታ እስክትጨርስ ማንም አልተናገረም። ሻይ ጠጪው ሁሉ ምስክር ነው፤ ያን ዝምታ አልሞሉትም።