እትዬ መጣሁ የተቀመጡበት ቀን

«ዝናቡ ሲያባራ ትመጣለህ ብዬ፣
በሩን ገርበብ አርጌ…»

ከዚህ በኋላ ያለው ጠፍቷል። ከዚህ በኋላ «እምም፣ እምም» ነው፣ ቢላዋ መሞረድ ነው፣ ባልዲ ማንኳኳት ነው። ዘፈኑ የማን እንደሆነ፣ በሩን ገርበብ ያደረገችው ሴት ምን እንደገጠማት፣ ሰውየው ዝናቡ ሲያባራ ይምጣ ወይስ ይቅር፣ በተኩላዎቹ መጠለያ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ በር ገርበብ እንዳለ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ አንዳንድ ቀን ዜማው ጆሮው ላይ ተጣብቆበት፣ የደነዘዘ ተኩላ መንጋጋ ከፍቶ ጥርስ እየቆጠረ፣ ለዚያች ለማያውቃት ሴት ሆዱ ይባባል።

ዘፈኑን የሚያንጎራጉሩት እትዬ መጣሁ ናቸው።

እትዬ መጣሁን የማያውቅ ሰው የለም። እዚህ መጠለያ ደርሶ የማያውቅ እንኳን ያውቃቸዋል። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ አንድ አሉ፤ ሰው ሁሉ ገበታ ሲቀርብ የሚነሱ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብ ጓዳ የሚገቡ፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ሲያዛጋ ደግሞ «ምነው፣ ሳትበሉ?» ብለው የሚቆጡ። ወንበርን የሚያውቁት ከጀርባው ነው፤ ለሌላ ሰው ሲስቡለት። ቁጭ ብለው ሲበሉ አይቻለሁ የሚል ሰው ቢገኝ፣ መጀመሪያ ትኩሳቱ ይለካ።

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ግን ምሳ በቀረበ ቁጥር «እናንተ ጀምሩ፣ እኔ መጣሁ» ስለሚሉ ይሄ ስም ወጣላቸው፣ ፀናም። ልብ ብሎ ላያቸው ሰው፣ «መጣሁ» የሚሉት ሁልጊዜ ሲሄዱ ነው።

ማዕረጋቸው በሙሉ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ ክብርት እትዬ መጣሁ፣ የሥጋ ክፍሉ እመቤት፣ የዘጠኝ ተኩላዎችና የአሥራ አንድ ሠራተኞች መጋቢ። ጠዋት ማንም ሳይደርስ የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ሥጋውን ከበረዶ ያላቅቃሉ፣ ይመዝናሉ፣ ዘጠኝ ባልዲ ይደረድራሉ። መንጋጋው ላለቀው ሽማግሌ ተኩላ ይፈጩለታል። ክኒን ለሚተፋው በጉበት ጠቅልለው ይሸውዱታል። ከዚያ ሽርጣቸውን ያወልቃሉ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ ኮሪደሩን ተሻግረው የሠራተኞቹን ድስት ይጥዳሉ። ለሁለቱም ወገን ቋንቋቸው አንድ ስለሆነ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ይምታታበታል። አንድ ቀን ፊታቸውን ቅጭም አድርገው፣ ጠጋ ብሎ አሽትቶ ትቶት ሄደ ሲሉት ደንግጦ የትኛው ተኩላ እንደሆነ ጠየቃቸው። ለካ ስለ ዘበኛው ነበር።

እሱን ራሱን በመጣ ቀን ከእግር እስከ ራሱ አይተውት፣ ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠነ በሽተኛው ምን ተስፋ አለው ብለው ሁለተኛ ጭልፋ ጨምረውለታል።

እዚህ ላይ ስለ ሾርባው የግድ መነገር አለበት።

ሾርባው ጨው ነው። ጨው አለበት አይደለም፤ ጨው ነው። እትዬ ጨው የሚለኩት በዓይናቸው ነው፣ ዓይናቸው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። አንዴ ይጨምራሉ፤ አንድ ሰው በር ላይ ይጠራቸዋል፤ ይመለሱና እንደገና ይጨምራሉ። አይቀምሱም። መቅመስ ለእሳቸው የመብላት ታናሽ ወንድም ነው፤ ጊዜ የለም። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጎርሶ ዓይኑ ሲፈጥ፣ ዘበኛው ቀና ሳይሉ የውሃውን ጆግ ወደ እሱ ገፋ ያደርጉለታል። በዚያች ጆግ አዲሱ ሰው ቤተሰብ ይሆናል። የመጠለያው ኃላፊ አንድ ጊዜ ደፍራ «እትዬ፣ ይሄ ሾርባ…» ብላ ጀምራ ነበር። እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ፣ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። «…ሙቀቱ ደስ ይላል» ብላ ጨረሰችው።

ይህችው ኃላፊ እትዬን ለማስቀመጥ ያልሞከረችው የለም። ትራስ ያለው ወንበር ገዝታ ሥጋ ክፍሉ ውስጥ አስገባችላቸው። በሳምንቱ ትራሱ ወገቡን በሚያመው ሽማግሌ ተኩላ ሥር ተገኘ፤ ወንበሩ ደግሞ የመስኮት መደገፊያ ሆኖ። የመጠለያው አሥረኛ ዓመት ሲከበር የክብር እንግዳ አድርጋ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። ግማሽ ተቀመጡ፤ አንዱ ጭን ወንበሩ ላይ፣ አንዱ ወደ በሩ። የንግግሩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ የጣዱት ውሃ ትዝ አላቸውና ወጡ። ማፍያው በራሱ የሚጠፋ ነበር።

እንዲህ እየሳቁ ሲኖሩ ነው እንግዳዋ የመጣችው።

እንግዳዋ ሴት ተኩላ ናት። በእንጨት ሳጥን ተጭና፣ የቀኝ የፊት እግሯን የሽቦ ወጥመድ አጥንቷ ድረስ ቆርጧት መጣች። በመጣችበት ጋራ ላይ ከወገኖቿ የቀሩት በሁለት እጅ ጣት ተቆጥረው ያልቃሉ፤ ከነዚያም ውስጥ መውለድ የምትችል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪሙ እግሯን ሰፋላት። ቁስሉ አመረ። ለብቻዋ በምትቆይበት አጥር ውስጥ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ጎጆ ተሰጣት፣ ሥጋ ተወረወረላት።

አልበላችም።

ሁለት ቀን ያለ ነው። ሦስተኛውም ያለ ነው። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ እንቅልፍ አጣ። በስምንተኛው የዳሌዋ አጥንት በጠጉሯ ሥር ከሩቅ ታየ፤ ሐኪሙም ሠራተኞቹን ሰብስቦ እውነቱን ነገራቸው። እስከ ነገ ከሰዓት ካልቀመሰች አደንዝዞ በቱቦ መመገብ ብቻ ነው የቀረው፤ በዚህ አቅሟ ደግሞ ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች። ከአሥራ አንዱ ጆጉን የገፋ የለም።

እትዬ ነገሩን እንደ ግል ውርደት ነው የወሰዱት። ጉበት አቀረቡላት፣ ጥንቸል ከነጠጉሩ አቀረቡላት፣ ሥጋውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው አሙቀው ወረወሩላት። ከዚያም የሥጋ ክፍሉ በር ላይ ይቆማሉ። በሩ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሆኖ ስልሳ እርምጃ ቁልቁል ያለውን የእንግዳዋን አጥር ያያል። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ሲገቡም ሲወጡም እዚያች በር ላይ ተተክለው ያዩዋታል። ኃላፊዋ ትንሽ አረፍ ይበሉ ብትላቸው፣ «ልጅቷ ሳትበላ ምን አንጀት ኖሮኝ ነው የምቀመጠው?» አሏት። የእሳቸውን አይቶ ሁሉም ሰው በተራ እዚያች በር ላይ መቆም ጀመረ። ሰባተኛው ቀን ላይ ደግሞ ምናልባት ሰው አስጠልቷት ይሆናል ተብሎ ሁሉም በር ዘግቶ ተደበቀ። ያኔ ባሰ። እንግዳዋ ቀኑን ሙሉ ከጎጆዋ ሳትወጣ፣ የተዘጋውን በር አሁን ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል እያለች ስትጠብቅ ዋለች።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ የማደንዘዣውን መጠን አስልቶ ጨረሰና፣ እጁ ሥራ ሲያጣ የአጥሩ ካሜራ የቀዳውን ማየት ጀመረ። ካሜራው ከአጥሩ ታችኛ ጥግ ወደ ላይ ስለሚያይ ጎጆዋም፣ ሥጋውም፣ ከሩቅ የሥጋ ክፍሉ በርም ይታያል። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ነው። ትወጣለች፣ አራት እርምጃ ትራመዳለች፣ ቀና ብላ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ታያለች፣ ትመለሳለች። ትወጣለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች። ልክ እንደ እትዬ ዘፈን፣ እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ ይጠፋባታል።

ስድስተኛው ቀን ላይ፣ ረፋድ አካባቢ፣ ቀና ብላ አየችና አልተመለሰችም። ወደ ሥጋው ሄደች። ሦስት ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ ድንገት አንገቷን ብድግ አድርጋ ጥላው ሸሸች። ያን ቀን የጎደለችውን ሥጋ ቁራ ወስዷት ነው ብለው ነበር።

ሐኪሙ መልሶ አየው። ከላይ በሩ ጋ ማን ነበር? አንድ ባልዲ ተደፍቷል። ባልዲው ላይ እትዬ መጣሁ ተቀምጠዋል። አንድ ቦት ጫማቸውን አውልቀው፣ ገልብጠው፣ ጠጠር እያራገፉ ነው። አራት ደቂቃ። በመጠለያው ታሪክ ሙሉ በሙሉ የተቀመጡባት ብቸኛዋ አራት ደቂቃ፣ እሷም በአንዲት ጠጠር ደግነት። ቦቱን አጥልቀው ብድግ ሲሉ፣ ታች ተኩላዋ ሥጋውን ጣለች።

ሦስት ጊዜ አየው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ፣ ይሄን እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ ብሎ ሆዱ ባባ።

ሥጋ ክፍል ሲገባ ባልዲ እያጠቡ ነበር። ዛሬ ምሳ አብረውን ይበሉ አላቸው። «እናንተ ጀምሩ፣ እኔ…» ሲሉ ያችን አራት ደቂቃ የያዘውን ስልኩን ዓይናቸው ፊት ደቀነው። አዩ። መጀመሪያ ያሉት፣ ይሄን ያህል ወፍሬያለሁ እንዴ ነበር። ደግሞ አዩ። ውሃው በባልዲው አፍ ሞልቶ ይፈስ ጀመር፣ ቧንቧውን አልዘጉትም።

«እኔ ነኝ እንዴ የከለከልኳት?» አሉ።

«ሁላችንም ነን እትዬ። ቆሞ የሚያያት ሰው፣ ለእሷ አሁን ሊመጣባት ያለ ሰው ነው። ሲደበቅ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ፊቷ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ግን የትም አይመጣም።»

እርጥብ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉ። «ስንት ደቂቃ?»

«እስክትጠግብ።»

«ማን? እሷ ወይስ እኔ?»

«ሁለታችሁም።»

በስድስት ሰዓት የምሳ ጠረጴዛው ከሥጋ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ወጣ። ኃላፊዋ፣ ዘበኛው፣ ሐኪሙ፣ ሌሎቹም እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተኮልኩለው ተቀመጡ። የሚቀዱት ዘበኛው ነበሩ፤ ቆመው እንዳይታዩ ተንበርክከው፣ እትዬ ደግሞ ከታች ቅዳ እያሉ በሹክሹክታ እያዘዟቸው። እትዬ መጣሁ ወንበር ላይ ነበሩ። ሁለቱም ጭኖቻቸው። እጆቻቸው የት እንደሚያርፉ ግራ ገብቷቸው አንዴ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዴ ጉልበታቸው ላይ ይሆናሉ።

ታች፣ ከጎጆዋ አፍ ላይ መጀመሪያ አፍንጫ ወጣ። ከዚያ ጆሮ። ከዚያ የተሰፋው እግር። አራት እርምጃ። ቀና ብላ አየቻቸው።

በዚያች ቅጽበት እትዬ የሐኪሙ ሳህን አጠገብ ዳቦ እንደሌለ አዩ። ጉልበታቸው ተነሳ፤ ኃላፊዋ እጇን ጭናቸው ላይ ጫነች።

«ይብሉ እትዬ» አለ ሐኪሙ። «በናትዎ፣ ይብሉ።»

ማንኪያውን አንስተው ጎረሱ።

ታች ተኩላዋ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ሥጋውን በጥርሷ ይዛ ነጨች፣ ዋጠች፣ ደግማ ነጨች።  ሐኪሙ ያጣው እንቅልፍ ሁሉ ዓይኑ ድረስ ሲመጣ ተሰማው፤ ፊቱን ለመደበቅ ወደ እትዬ ዞረ።

እትዬ ተኩላዋን እያዩ አልነበረም። ሳህናቸውን ነበር የሚያዩት።

«ጨው ነው እኮ ይሄ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ኃላፊዋ ወደ ሳህኗ አጎነበሰች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ነው ስትበሉ የኖራችሁት?»

«ለምደነዋል» አሉ ዘበኛው፣ ለሳህናቸው።

«ከአሥራ አንድ ሰው አንድ እንኳን አፍ ያለው ጠፋ?»

ሐኪሙ በመጀመሪያው ወር ሊነግራቸው አስቦ ነበር። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ዓመት ግን እህቱ ቤት ተጋብዞ የቀረበለት ሁሉ አልጥም ብሎት ጨው አምጡልኝ አለ፤ ያን ቀን ነው ነገሩ እንዳለቀለት ያወቀው። ይሄንኑ ነገራቸው። እትዬ መጣሁ ሳህናቸውን ይዘው ሊደፉት፣ ድስቱን እንደ አዲስ ሊጥዱ፣ ብድግ ማለት ጀመሩ።

ታች ተኩላዋ ቀና አለች።

እትዬ ከወንበሩ በግማሽ እንደተነሱ ቀሩ። ከዚያ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ ወንበሩ ላይ ተመለሱ። ተኩላዋም ወደ ሥጋዋ ተመለሰች። ገና ግማሹም አልተነካም።

«እንግዲህ መብላት ነው» አሉ፣ እንደተፈረደበት ሰው። ሁለተኛውን ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከጨዉ ይሁን ከሌላ፣ የጠየቀ የለም። ጆጉን ፈለጉ። ባዶ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው አስቀድሞ ደርሶበታል።

ሐኪሙ ጆጉን ወሰደ። ቆሞ መሄድ አይቻልም። ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ወረደ፣ ጆጉን በጥርሱ ነክሶ በእጁና በጉልበቱ ወደ በሩ መዳህ ጀመረ፤ ኃላፊዋ ሳቋን በሁለት እጇ አፈነች። ደፉ ላይ ሲደርስ ጆጉን ከአፉ አውጥቶ ዞር አለ።

«እርስዎ ይቀጥሉ እትዬ» አላቸው። «እኔ መጣሁ።»

በሩን ገርበብ አድርጎ ገባ። ከኋላው የአንድ ማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሳህኑን ይነካል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይነካል።