ጋሻውን ከፍ ያድርግ በለው

የሥራ ማመልከቻ አገላብጦ የሚያውቅ ሰው ይመሰክርልኛል፤ እኛ አገር የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሁለት ብቻ ነው። ማንበብና ኳስ ማየት። ምን እንደሚያነብ ስትጠይቁት ግን አመልካቹ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ይተክላል። እውነተኛው ማሳለፊያችን ማንም ወረቀት ላይ የማያሰፍረው ነው፤ ድሮን ማውራት። «ድሮማ…» ብሎ የጀመረ ሰው አጠገብ ከተቀመጣችሁ ሌላ ቀጠሯችሁን እርሱት። ድሮ ሰው ሰው ነበር፣ ቅቤው ቅቤ ነበር፣ ዝናቡ እንኳ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስናወራ፣ ተነሥቶ «እስቲ ለብሰነው እንየው» ያለ ሰው አላጋጠመኝም ነበር፤ መምህርት አስቴርን እስካውቅ ድረስ።

እኔ በሥራ ተመድቤ ወላይታ ሶዶ የመጣሁ የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ። አስቴር በአጥር የምንገናኝ ጎረቤቴ ስትሆን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ እውነቱን ነገርኳት፤ ምንም። በዚሁ ተመለመልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለው መስክ ላይ ነርሱም፣ ነጋዴውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም ይሰበሰባሉ። ዱንጉዛቸውን፣ ያንን ቀይና ቢጫ መስመር ያለውን የወላይታ ሸማ፣ ይለብሱና በካዎው ማለትም በንጉሡ ዘመን እንደነበሩ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አስቴር ሕግ አላት። መስኩ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ስልክ፣ ሰዓት፣ የፕላስቲክ ጫማና መነጽር ቅርጫት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የሚገባው ደግሞ የራሷ ወፍራም መነጽር ነው። ያለሱ ሰውና ላም አትለይም፤ ከሰዓቱን ሙሉ የምትመራን በጆሮዋ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ካዎ የሆነው ባጃጅ ሾፌሩ ነበር፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ። ፈረሱ ከሁምቦ የመጣ የጋሪ ፈረስ ነው። ካዎው ሕዝቡን ለመባረክ እጁን ባነሣ ቁጥር ፈረሱ ተሳፋሪ የተገኘ መስሎት ቀጥ ይላል። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ሰዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ቆመው ውለው፣ ደክሟቸው፣ ጭቃውን ረግጠው ይመጣሉ። አንድ ጦር እንዴት እንደሚያዝ ለማወቅ ባለ ዕድሜ ፍለጋ ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ማንም ሳያጨበጭብላቸው። አድናቆት ያዘኝ፤ ለምን እደብቀዋለሁ።

ለእኔ የተሰጠኝ የካዎው መልእክተኛነት ነው። ካዎው ግን የትም ልኮኝ አያውቅም። የምትልከኝ አስቴር ናት፤ ወደ ወንድሟ።

ታላቅ ወንድሟ ኤልያስ አረካ ከተማ የሚነግድ ጋሻ ያዣችን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአባታቸውን የጎሽ ቆዳ ጋሻ በአንሶላ ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎት ይመጣል። የሌሎቻችን ጋሻ ከጄሪካን የተቆረጠ ስለሆነ ያለዚያ ጋሻ መስኩ ላይ የቆምነው ውኃ ልንቀዳ ነው የሚመስለው። አስቴር ልጅ ሆና አባቷ ጋሻው ሥር አስቀምጠው ማን እንደታጠቀው፣ የት እንደዋለ ሲያወሯት ነው ያደገችው፤ የታሪክ አስተማሪ ያደረጋትም እሱ ነው። አባት ሲያርፉ ጋሻውን ለመነች። ኤልያስ ጋሻ ለሴት አይወርድም አለና ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት። ይህ የቅዳሜ ማኅበራችን ሲቋቋም እውነተኛ ጋሻ አጥታ ጨንቋት ሰው ላከችበት። እሱም መጣ። ጋሻውም መጣ፤ ኩርፊያውም አብሮ መጣ።

«ጋሻውን ከፍ ያድርግ በለው» ትለኛለች፣ እሱ እዚያው አጠገቧ ቆሞ።

«ክንዴ ዝሏል በላት» ይለኛል።

እኔም መልእክቴን አደርሳለሁ። ምን ላድርግ?

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ አስቴር ትልቁን ነገር አሰበች። የድሮውን ጉታራ፣ ሽማግሎች ሜዳ ላይ ተቀምጠው የተጣላ የሚያስታርቁበትን ሸንጎ፣ በበዓሉ ለሕዝብ ልታሳይ። ለልምምዱ ከበዴሳ በኩል እውነተኛ ሽማግሎች አስመጣች፤ መሪያቸው ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ሁለት ልጆቻችን የእንሰት ድንበር ተጋፋኸኝ፣ ተጋፋኸኝ እየተባባሉ የሚጣሉበትን ጠብ በደንብ አጥንተዋል። ሽማግሎቹ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ልጆቹ መጮኽ ጀመሩ። ጋሽ አንጁሎ ጥቂት አዳመጡና እንሰቱ የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሄደው ሊያዩት ነው። ልጁ ፈገግ ብሎ ጨዋታ መሆኑን ነገራቸው። ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ቆሙ። ለእኔ ብለው ይመስለኛል፣ በአማርኛ ነው የተናገሩት።

«የውሸት ጠብ ጉታራ አይገባም። የእውነት ካላችሁ እንቀመጣለን። ከሌላችሁ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

ሁሉም ሣር ሣሩን ማየት ያዘ። ጉድ እኮ ነው፤ ሶዶ ውስጥ ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እዚያ መስክ ላይ ተሰብስቧል። ሽማግሎቹ ልብሳቸውን ማራገፍ ጀመሩ። አስቴር የማያይ ዓይኗ እየተንከራተተ፣ ያ ሁሉ ድካሟ ተነሥቶ ሲሄድ ቆማ ትሰማለች። አንጀቴን በላችው።

«እኔ አለኝ» አለች።

ስለ ጋሻው ተናገረች። ኤልያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይነግረው ጋሻውን ከፍ አደረገ፤ ፊቱን ሸፈነበት። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ድሮ ሴት በጋሻ ጉዳይ ሸንጎ ላይ አትናገርም ነበር ብለው አጉረመረሙ። ኤልያስ ከጋሻው ጀርባ፣ ይኸው እኔስ ምን አልኩ የሚል ድምፅ አሰማ።

«እውነት ነው፣ ድሮ ሴት እዚህ አትናገርም ነበር» አሉ ጋሽ አንጁሎ ተመልሰው እየተቀመጡ። «ድሮ ግን ጋሻም ሳሎን አይሰቀልም ነበር። ከግድግዳው ማን አወረደው?»

ኤልያስ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ። «እሷ ናት በላቸው።»

«መልእክተኛውን ተወው። ለራሷ ንገራት።»

ጋሻው ቀስ እያለ ወረደ። «አስቴር» አለ። «ያወረድሽው አንቺ ነሽ። አባባ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።»

አስቴር ወደ ወንድሟ አልሄደችም። እየዳበሰች ወደ ቅርጫቱ ሄደች። ጥላን ልትሄድ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ስልኩን ሁሉ አገላብጣ መነጽሯን አወጣችና አጠለቀች። ሕጓን ራሷ ጣሰች። ከዚያ ተመልሳ ፊቱን አየችው፤ ረጅም ጊዜ።

«ሸብተሃል» አለችው።

ኤልያስ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ መልእክተኛ ስለሆንኩ የሚከለክለኝ የለም።

ጋሻው አስቴር ቤት እንዲያድር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነሣው ግን ኤልያስ እንዲሆን ተፈረደ። የጊፋታው ትርኢትስ? እሱማ ቀረ። ይህንኑ ዕርቅ በበዓሉ ቢደግሙልን ብለን ብንለምናቸው ጋሽ አንጁሎ፣ የታረቀ ነገር ተመልሶ አይነሣም ብለው አረፉት። አስቴርም ደግማ አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ እኔ መልእክተኛው ሥራ ፈትቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ካዎው ፈረሱ ላይ ሆኖ እንደተለመደው ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ እኔ ዳር ቆሜ ነበር። አስቴር ከመስኩ ማዶ ጮኸች።

«ጋሻውን ከፍ አድርገው እንጂ አንተ!»

«አንቺ መጀመሪያ መነጽርሽን አውልቂ፤ በካዎ ዘመን መነጽር አልነበረም» አላት።

አላወለቀችም።