በጋቢ ስር የገባ ማረሻ

ስብሰባ ባለበት አገር ሁሉ አንድ የማይጠፋ ተናጋሪ አለ። ዝናብ ይጠፋል፣ ምርጥ ዘር ይጠፋል፣ የቀበሌው ማኅተም እንኳ አንዳንዴ ይጠፋል፤ እሱ ግን አይጠፋም። ከኋላ ተቀምጦ አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ሰብሳቢው «እንግዲህ ከጨረስን» ሲል እጁ ከጋቢው ውስጥ ብቅ ትላለች።

በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነች አንዲት ቀበሌ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አያ ተሻገር ናቸው። «አንዲት ነጥብ ብቻ» ይላሉ። አንዲቷ ነጥብ ግን እንደ ሙሽራ ናት፤ ብቻዋን መጥታ አታውቅም፣ አጃቢ ታስከትላለች። አንድ ጊዜ ስለ እርከን ሥራ ተነሥተው ከአካፋ ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ከብት ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ወደ መንገዱ ተሻገሩና ሲጨርሱ ጥላው ዞሮ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቀርቶ ነበር።

ደጉ የሚባለው ገበሬ ደግሞ ሌላው ዓይነት ነው። እሱም ከስብሰባ አይቀርም። «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲባል እስከ ጆሮው ይቀላና «ከኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውልኛል» ይላል። አንድ ቀን ገና ማንም ሳይናገር መጀመሪያ እሱን ጠይቀውት ይህንኑ ብሏል፤ ሰው እስካሁን ይስቅበታል። አያ ተሻገር ሲነሡ መቼም እሳቸው አያፍሩም። በሳቸው ፈንታ የሚያፍረው ደጉ ነው። አንገቱን ደፍቶ መሬት ይጭራል።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ግንቦት ላይ፣ ያ በሽታ አገሩን ሁሉ ባስፈራበት ጊዜ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ እሸቱ ሰዉን ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሰበሰቡት። መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ክብ ተሠርቶ ሁሉም በየክቡ ተቀመጠ። ነገሩ አጭር ነበር፤ ያለሱ መኖር የማይቻል ሥራ ክፍት ይሁን፣ ሌላው ይዘጋ። ወፍጮው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ጨውና ሳሙና የሚሸጠው ሱቅ ተቆጠሩ። አቶ እሸቱ ወረቀታቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ እጅ ወጣች።

«አንዲት ነጥብ ብቻ። ጠላ ቤቱ ለምን ይዘጋል?»

«ሰው ይሰበሰብበታላ፣ አያ ተሻገር።»

«እኛስ አሁን ምን እያደረግን ነው?»

ሰዉ ሳቀ። አያ ተሻገር የአፍ መሸፈኛቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ቀጠሉ። «ፀጉር አስተካካዩስ? ሁላችን እንደ ባሕታዊ ጎፍረን በሽታው ሲያልፍ ማን ማንን ያውቃል? ስልክ ቻርጅ የሚያደርገውስ? ታመምን ብለን በምን እንደውል?» በየነጥቡ አንድ እርምጃ ይራመዱ ነበርና ሳያውቁት የሰው ክብ ውስጥ ገቡ።

«እሺ፣ ቀጥቃጩ ልመንህስ?»

ሳቁ ቆመ።

ልመንህ ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ የሚኖር ብረት ሠሪ ነው። የዚያ አገር ማረሻ ሁሉ በሱ እሳት ያልፋል። ሰዉ ግን ማረሻውን ከደጅ ያቀብለዋል እንጂ ቤቱ ገብቶ ውኃ አይጠጣም፤ ዓይኑ ክፉ ነው ይባላል። ሰርግ ቢጠራ እንኳ ገበታው ለብቻው ነው። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ይኸው ልመንህ ደጉን መንገድ ላይ አግኝቶ «እኔ ብናገር የሚሰማኝ የለም። ስሜን አንተ አንሣልኝ» ብሎት ነበር። ደጉም «እሺ፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ነበር።

«የልመንህ አማች ከመተማ፣ ከድንበሩ መጥቷል ይባላል» አሉ አቶ እሸቱ። «ደግሞም ቀጥቃጭ ነው። ይህን ሐሳብ የሚደግፍ አለ?»

አያ ተሻገር ዞረው የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አዩ። የደጉ እጅ ጋቢው ውስጥ ተንቀሳቀሰች፤ ሙቀቱን መረጠችና እዚያው ቀረች።

«ደጉ፣ አንተስ?»

«ከኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውልኛል።»

የትኞቹ ተናጋሪዎች እንደሆኑ የጠየቀው የለም። የልመንህ ቤት ተዘጋ።

ግንቦት ግን ስብሰባ አያውቅም። ዝናቡ ደረሰ፣ ማረሻው ደነዘዘ። በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ደጉ ማረሻውን ጋቢው ስር ሸጉጦ በወንዙ በኩል ወረደ። መታጠፊያው ላይ ከአቶ እሸቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የአቶ እሸቱ ጋቢ ከወገባቸው በላይ በአንድ ጎን ሾሎ ወጥቷል።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ እሸቱ። ወዴት ነው?»

«ጠበል። አንተስ?»

«እኔም ጠበል።»

ጠበሉ ያለው በላይ በኩል ነው። ሁለቱም ወደ ታች ወረዱ።

አያ ተሻገር ከልመንህ እሳት አጠገብ ቁጭ ብለው ወናፍ ይነፉ ነበር። የሳቸው ማረሻ በግልጽ ደጅ ላይ ተጋድሟል። «እናንተ ስምንተኛና ዘጠነኛ ጠበልተኞች ናችሁ» አሉና ወሬያቸውን ለልመንህ ቀጠሉ። ልመንህ ብረቱን እያገላበጠ አልፎ አልፎ «እህ» ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አንድም ሰው ያየውን አላወራም፤ የሚያወራ ራሱን ይከሳልና።

ከዚያ የልመንህ አማች አተኮሰው፣ ልመንህንም ያስለው ጀመር። የጤና ባለሙያዋ ሃይማኖት ናሙና ወስዳ ሁለቱን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስገባቻቸውና ሕዝቡ እንደገና በየኖራው ክብ ተቀመጠ።

«ልመንህ ቤት የደረሰ ሰው ይንገረኝ» አለች። «ናሙና ይሰጣል፣ አሥራ አራት ቀን ትምህርት ቤት ይቆያል። ቅጣት አይደለም።»

አሥራ አራት ቀን፣ በእርሻ ወቅት። ማን ትንፍሽ ይበል?

«የተዘጋ ቤት ነው፣ ማን ይሄዳል?» አሉ አቶ እሸቱ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ጥለው። «ልመንህ ትእዛዝ ጥሶ ከፍቶ ከሆነ ግን በሕግ ይጠየቃል።»

አያ ተሻገር ተነሡ። አርባ ገበሬ ትንፋሹን ዋጠ። ያ አፍ ከተከፈተ የማን ስም ይቀራል?

«እኔ ሄጃለሁ። ወናፉን ስነፋ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። እሱም በራሱ አልከፈተም፤ እኔ ለምኜ አስከፈትኩት። ጻፊኝ ልጄ።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ሰዉ ተከታዩን ነጥብ ጠበቀ፤ አልመጣም። ዱላቸውን አንሥተው ከሃይማኖት ኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ደጉ የኖራውን ክብ በጣቱ እያጠፋ ቀረ።

በማግሥቱ በሬዎቹን ጠመደ። ማረሻው እንደዚያ ቀን መሬት ገብቶለት አያውቅም፤ አፈሩ እንደ ቅቤ ይገመሳል። ትልሙ ባማረ ቁጥር የደጉ ፊት ይቃጠል ነበር። ሦስት ቀን አረሰ። በአራተኛው ቀን ትልሙን ከመሐል ትቶ በሬዎቹን ፈታና ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ደርሶ ቆመ።

«እኔንም ጻፊኝ» አለ።

«አልሰማሁም፣ ጠጋ ሳትል ጮክ በል» አለችው ሃይማኖት።

ሁለት ጊዜ ማፈር አለ ለካ። «እኔም ማረሻ አስቀጥቅጫለሁ። ያን ቀንም ስብሰባው ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ።»

«ሌላስ ማን አለ?»

«ሌላው ራሱ ይምጣ።»

ናሙናው ተወሰደ፤ ውጤቱ ባሕር ዳር ደርሶ እስኪመለስ ማን ያውቃል። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አስገቡት። አያ ተሻገር አንድ ጥግ፣ ልመንህ አንድ ጥግ፣ አማቹ በመስኮቱ በኩል። ምሳ ከየቤቱ መጣ፤ ለእያንዳንዱ በየሣህኑ፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ። ከሰው ጋር ካልሆነ እህል የማይወርድለት ደጉ ሁለት ጎርሶ አቆመ።

«ለብቻ መብላት እንዴት ይከብዳል» አለ፣ ለማለት ያህል።

«ይለመዳል» አለ ልመንህ ቀና ሳይል። «እኔ ይኸው አርባ አምስት ዓመቴ።»

በክፋት አላለውም፤ ስለ አየሩ የተናገረ ይመስል ነበር። ደጉ ሣህኑ ላይ አቀረቀረ። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ጠፋው። ልመንህም የተናገረውን ልብ ያለው አሁን ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ጊዜ አያ ተሻገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ጥቁር ሰሌዳው ጀመሩ፤ ለምን ከፍ ብሎ ተሰቀለ አሉ። ከሰሌዳው ወደ አናጢው፣ ከአናጢው ወደ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ወገዳ ገበያ ሄዱ። ዓይናቸው አንዴ ወደ ደጉ፣ አንዴ ወደ ልመንህ ይል ነበር። ልመንህ ቀስ በቀስ ከግድግዳው ዞረና «እህ» አለ።

ደጉ በዕድሜው ሙሉ እኒህ ሰውዬ ምነው ባቆሙ ሲል የኖረ ነው። አሁን ሣህኑን እንደያዘ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ እያዘቀዘቀች፣ እባክህ አምላኬ እንዳያቆሙ አለ በልቡ፤ እኔ ቃሌን እስካገኝ ድረስ ብቻ እንዳያቆሙ።