ሁለት መስመር፣ አንድ ቃል፣ ፊርማ የለም

ሰው ሁሉ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይፈራል። በየሰፈሩ ግን ወረቀቱ ራሱ የሚፈራው አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቅጽ ይዛችሁ በደጁ ስታልፉ በመስኮት ያያችኋል። ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ከነገራችሁ በኋላ ያስደግማችኋል። «አውቃለሁ» ካላችሁት ደግሞ ይስቃል። ሳቁ ከስድብ ይከፋል።

የኛ ሰፈሩ ክቡር ዲጋምበር ካርማርካር ይባላሉ። ሕንድ አገር፣ ሳንግሊ ከተማ፣ ከእርድ ቅመም ተራው ጀርባ፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ ግቢና አንድ ቧንቧ የምንጋራበት አሮጌ ቤት ነበረን፤ ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። ዕድሜ ልካቸውን በሴቶች ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባንክ ቤት ለአንድ ቀን እንኳ ሠርተው አያውቁም። የተሰረዘ ቼክን ነገር ከሳቸው በላይ አውቃለሁ የሚል ሰው ግን፣ ባንኩን ራሱን ጨምሮ፣ በግቢያችን ቀና ብሎ አይሄድም ነበር። ፊት ለፊት «ካካ» እንላቸዋለን፣ አጎቴ እንደማለት። ዞር ሲሉ ግን ሊቀ ሰረዝ ነበሩ።

የተሰረዘ ቼክ ገንዘብ አይከፍልም። ሥራው መመስከር ብቻ ነው፤ ይህ ሒሳብ የዚህ ሰው ነው፣ ቁጥሩ ይህ ነው፣ ቅርንጫፉ እዚህ ነው ይላል። ቀጣሪ ይጠይቀዋል፣ ኢንሹራንስ ይጠይቀዋል፣ የማብሰያ ጋዝ ድጎማ እንኳ ያለሱ አይመጣም። ባዶ ቼክ ለማያውቁት ሰው መስጠት ደግሞ የቤት ቁልፍ እንደመስጠት ስለሆነ አስቀድሞ ይሰረዛል። ነገሩ ይኸው ነው። ሻይ እስኪፈላ ያልቃል።

ካካ ግን ሥርዓት አደረጉት። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ ያነጥፋሉ፤ ከትምህርት ቤት ይዘውት የወጡትን የእንጨት ማስመሪያ ከትራሳቸው ሥር ያወጣሉ። ስክሪፕቶ አይነኩም፤ «ስክሪፕቶ የሱቅ ነው፣ ብዕር የሕግ ነው» ይላሉ። መስመሩን ሲያሰምሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኛም አብረን እንይዛለን። በሁለቱ መስመሮች መካከል «ተሰርዟል» ብለው ይጽፉና ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ።

«ሁለት መስመር፣ አንድ ቃል፣ ፊርማ የለም! ድገሚ!»

«ሁለት መስመር፣ አንድ ቃል፣ ፊርማ የለም፣ ካካ።»

«ትይዩ መስመሮች የት ይገናኛሉ?»

«የትም አይገናኙም፣ ካካ።»

«ሂጂ። ቀለሙ ሳይደርቅ እንዳታጥፊው።»

አንድ ቀን ባለ ወፍጮው ሳዳሺቭ እሳቸውን ሳያማክር የሰረዘውን ቼክ ይዞ በኩራት መጣ። ጥግ ላይ ሁለት መስመር አስምሯል። ሌላ ነገር የለውም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ካካ።

«የተሰረዘ ቼክ ነዋ፣ መምህር! ሁለት መስመር አልነበር ያሉት?»

«ቃሉስ?»

«የምን ቃል?»

ካካ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ መጥፎ ምልክት ነበር። «ሳዳሺቭ፣ ይኼ ቼክ አልሞተም! ጥግ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ማለት ገንዘቡ በሒሳብ በኩል ብቻ ይከፈል ማለት ነው። በሕይወት አለ። ይራመዳል! ገድዬዋለሁ ብለህ ለማታውቀው ሰው ልታስረክበው ነው?»

ሳዳሺቭ ቼኩን እንደ ጊንጥ ከእጁ አራገፈው። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሞቱ እንዳያጠራጥር ብሎ ከዳር እስከ ዳር ስለሰረዘው የሒሳብ ቁጥሩ ጠፋ። «የምስክሩን አፍ ለጉመህ ፍርድ ቤት ትልካለህ?» ብለው መለሱት። ምስኪን፣ ከዚያ ወዲያ ቼክ ሲያይ ዱቄቱ ላይ ያስነጥሰው ነበር።

የኔ ተራ የደረሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግጥም በማጠናበት ዓመት ነው። ሳንግሊ ውስጥ ግጥም መማር እንደ ሕመም ይቆጠራል፣ ስታገባ ይለቃታል የሚባል ዓይነት። ካካ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር «ግጥሙ እንዴት ነው፣ ተሻለሽ?» ይሉኛል፣ ስለ ሳል እንደሚጠይቅ ሰው። እኔ ደግሞ ዓይነ አፋር ስለሆንኩ «ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ። ታዲያ አንድ መጽሔት ግጥሜን አወጣና ክፍያ ሊልክልኝ የተሰረዘ ቼክ ጠየቀኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። መስመሩን አሰመርኩ፣ ቃሉን ጻፍኩ፣ ከሥሩ ደግሞ ስለማመደው የከረምኩትን አዲሱን ፊርማዬን አሳረፍኩበት።

«ፈረምሽ?» አሉ ካካ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ቆንጆ ሆኖ ስለወጣልኝ…»

«ሩጁታ! ግጥም ላይ ፈርሚ። የጋብቻ መዝገብ ላይ ፈርሚ። የተሰረዘ ቼክ ላይ የሚፈርም ግን ፊርማውን ለሌባ የሚያስጠና ነው!»

ከዚያ ለቼኩ አዘኑ። ካካ ለተበላሸ ቼክ ያዝኑ ነበር። «አንድ ቅጠል ቼክ» ይላሉ፣ የሞተ ዘመድ እንደሚያነሣ ሰው። ግቢው መካከል ባለው የበሶብላ ተክል መደብ ዙሪያ ባገኙኝ ቁጥር ራሳቸውን እየነቀነቁ «አንድ ቅጠል…» ይሉና ይሄዳሉ።

አሁን በምኖርበት ከተማ ቼክ የሚጠይቀኝ የለም። ስልኩ አንድ ሩፒ ልኮ የሰውየውን ስም ራሱ ያመጣል። ማንም እጁን አይታጠብም። ስሳሳትም ማንም አይጮኽብኝም፤ ይህ እንደሚናፍቅ ማን ያውቃል?

ሊቀ ሰረዝን የማይፈራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚስታቸው ሲንዱ ካኩ፣ አክስቴ እንደማለት። ትንሽ፣ ዝምተኛ፣ ምላሷ እንደ ዝንጅብል። እንደ ወጉ የባሏን ስም በአፏ አትጠራም። «አንቱ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ» ነው የምትላቸው። አዲስ ፖስተኛ መጥቶ «ባለቤትዎ ማን ይባላሉ?» ቢላት «በር ላይ የጮኹብህ ናቸው» አለችው።

በኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም የምትጠራው በግጥም ብቻ ነው። ለሠርግና ለግብዣ ሁለት ስንኝ ቤት እያስመታች ስሙን በመካከል ታስገባለች፤ ሴቶቹም ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። ካኩ ይህን ያደረገችው በሠርጓ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በየግብዣው ተራዋ ሲደርስ ሳህን ላጥብ ብላ ትነሣለች። እኔም አብሬያት እነሣ ስለነበር በደንብ እንተዋወቃለን። የካካ አንድ የዕድሜ ልክ ቅሬታም ይኸው ነበር።

«የሠርጌ ዕለት የሙዚቃ ጓዱ በጆሮዬ ሥር ጮኸና ስሜን ሳልሰማ ቀረሁ። ድገሚው ብላት፣ ደንቡ አንዴ ነው አለችኝ። ደንብ ካለ ምን ይባላል?»

ደንብ የሚወድ ሰው በደንብ ተያዘ።

አንድ ክረምት፣ የክሪሽና ወንዝ ሞልቶ እስከ ታችኛው መንገድ በደረሰበት ሰሞን፣ ካካን ሕመም ጣላቸው። ቀኝ እጃቸው እምቢ አለ። ምላሳቸውም ከበደ፤ ለመጮኽ ግን አላነሰም። በዚያው ወር የባንኩ ቅርንጫፍ ተዘግቶ ከሌላ ጋር ተቀላቀለ፤ መለያ ቁጥሩም ተለወጠ። ከጡረታ ቢሮ መልእክት መጣ፦ አዲስ የተሰረዘ ቼክ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀረበ ጡረታው ይቆማል። መድኃኒቱም፣ እጃቸውን የሚያሸው ሰው ክፍያም፣ ወተቱም ከዚያች ጡረታ ነው። ልጅ የላቸውም።

እኔ ለዕረፍት የደረስኩት ቀኑ ሊያልቅ ነገ ብቻ ሲቀር ነው። ክፍሏ ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር።

«ስጡኝ እኔ ልሰርዝዎት» ይላል ሳዳሺቭ።

«እኔን ነው የምትሰርዘው? ውጣ!» አሉ ካካ ከአልጋቸው። «በባለ ሒሳቡ… እጅ ነው!» ይህ የባንኩ ደንብ ሳይሆን ሳዳሺቭን ሲያዩ ያወጡት የራሳቸው ደንብ ነበር፤ ግን ማን ይከራከራቸዋል? ሒሳቡ በሁለቱ ስም ነው። አንደኛው ባለ ሒሳብ እጁ አይሠራም። የቀረችው ካኩ ናት።

ካኩ እጇን በሳሪዋ ጠቅልላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «አልጋ ላይ ተኝተው፣ ስምዎ ያለበት ወረቀት ላይ ‹ተሰርዟል› ብዬ ልጻፍ? እጄ ይቆረጥ!»

«ቼኩ ነው እንጂ… እኔ ነኝ እንዴ?»

«ስምዎ አለበት።»

«የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም ስሰርዝ ኖሬአለሁ! ማን ሞተ?»

«እነሱ የኔ ባል አይደሉም።»

ካካ ለዚህ የሚሆን ደንብ አልነበራቸውም።

ካኩ እጄን ይዛ ወደ ማብሰያው ጥግ ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሩጁ፣ ግጥም ነው አይደል የተማርሽው?»

«አዎ፣ ካኩ።»

«ለቼክ የሚሆን አለ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። «ያንን ክፉ ቃል ከመጻፌ በፊት ስማቸውን በመልካም ልጥራ። መልካሙ ከቀደመ ክፉው አያገኛቸውም። ግን እኔ ቤት መምታት አልችልም፤ የሠርጌንም እናቴ ናት ያስጠናችኝ።»

በትምህርቴ ይህን ያህል ፈርቼ፣ ይህን ያህልም ተፈልጌ አላውቅም። ሽንኩርቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። ካኩ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አጠናችው። ከዚያ እጇን ታጠበች። ጋዜጣ አነጠፈች። ማስመሪያውን ከትራሳቸው ሥር ስትስበው ካካ ራሳቸውን ቀና አደረጉላት። ሁለቱን መስመሮች ትንፋሿን ይዛ አሰመረች። ብዕሩን አነሣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፤

«ሁለት መስመር አልፎት፣ ቼኩ ቢሰረዝም፣
ዲጋምበር እቤቴ፣ ቀለሙ አይደበዝዝም።»

አለችና ዓይኗን ገልጣ ቃሉን ጻፈች።

ውጭ የዝናቡ ውኃ ከጣሪያው እየወረደ ነበር። ካካ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ቼኩን ዓይናቸው ሥር አድርገው ብዙ ጊዜ መረመሩት።

«ጠማማ ነው» አሉ።

በትከሻቸው በኩል አየሁ። መስመሩ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ያለ ነው።

«ሌላ ቅጠል ይምጣ። ከመጀመሪያው።»

«ግጥሙንም?» አለች ካኩ።

«ሥርዓት… አይቆረጥም።»

ካኩ ደገመች፤ አሁን ድምጿ ትንሽ ከፍ አለ። ሁለተኛው ቼክ ቀለሙ ቀጭን ነው ተባለ። ሦስተኛው ላይ ቃሉ ወደ ግራ አጋደለ ተባለ። ያ ለአንድ ቅጠል ሲያዝን የሚከርም ሰው ቅጠሉን እንደ በጋ ዛፍ አረገፈው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ቼኩ ሊያልቅ ነው እኮ» አለች ካኩ፣ ሳቋን በሳሪዋ ጫፍ ይዛ።

«ይለቅ!» አሉ ሊቀ ሰረዝ።

በማግስቱ የመጀመሪያውን፣ ያንን ጠማማ የተባለውን፣ ለጡረታ ቢሮ አስረከብኩ። ጸሐፊው ቁጥሩን ብቻ አመሳክሮ በስቶ ፋይል ውስጥ ከተተው። ጡረታው እንደማይቋረጥ ልነግራቸው ስመለስ ካካ ብቻቸውን ተኝተው፣ ካኩ ሻይ ታፈላ ነበር።

«ተቀበሉት?»

«ተቀበሉት፣ ካካ። ጡረታው አይቆምም።»

«ምን አሉ?»

ላስደስታቸው ፈለግኩ። «እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር አይተን አናውቅም አሉ።»

ካካ በድንጋጤ ወደ ማብሰያው ጥግ አዩ። «ቀስ በይ!» አሉ። «ትሰማለች!»

አፌን በእጄ ያዝኩ። እሳቸውም በዚያ በሚታዘዝላቸው ግማሽ ፊት ፈገግ አሉ። ወጥቼ ልሄድ ስል ጠሩኝ።

«ሩጁታ… ግጥሙ እንዴት ነው፣ ተሻለሽ?»

«አልተሻለኝም፣ ካካ።»

ጣታቸውን፣ የግራውን፣ ወደ ላይ አነሡ።

«እንዳይሻልሽ።»